ገዳዩን ሁላችንም ያወቅንበት ፊልም

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ብዙ ነገር እንችልበታለን። ለሦስት ሰው በተሠራ የታክሲ ወንበር ላይ አራተኛ ሆነን መቀመጥ እንችልበታለን። የማናውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ገብተን፣ ከሟች ጋር አብሮ እንዳደገ ሰው አንገታችንን ደፍተን ንፍሮ መቆርጠም እንችልበታለን። አንድ የማንችልበት ነገር ቢኖር፣ የሠራውን ሥራ ይዞ ፊታችን ለቆመ ሰው «አልወደድኩትም» ማለት ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ቀርቦልን «እጅሽ ይባረክ» እንላለን፤ ብለንም ውኃ እንጠይቃለን። ፀጉሯን ተቆርጣ የመጣችን ጓደኛ «ፊትሽን አወጣው» እንላታለን፤ ፊቷ እስከዚያ ድረስ የት እንደነበር ግን አንናገርም።

ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጁ ቃላትም አሉን። «አሪፍ ነው» የሚለው አጠር ብሎ ሲነገር ምስጋና ነው፤ «አሪ…ፍ ነው» ተብሎ ሲጎተት ፍርድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን «በርታ» ነው። ልብ በሉ፤ ሥራው የሰመረለትን ሰው ማንም «በርታ» አይለውም። «በርታ» የሚባለው የታመመ ሰውና ፈተና የወደቀ ሰው ነው።

ይሄንን ግብዝነት የሚሉት አሉ። እኔ አልልም። ነገ እድር ላይ የምታገኙትን፣ ከነገ ወዲያ ልጁን የሚድርላችሁን ሰው፣ ዛሬ በምን አንጀታችሁ ታሳዝኑታላችሁ? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይሉኝታ የምንለው ነገር ጉዳት እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን አብሮ ለመኖር የተፈለሰፈ ነገር ይመስለኛል፤ እንደ አጥር። ብቻ ይሄ አጥር የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ። እሱም ሲኒማ ቤት ነው። እዚያ መብራት ሲጠፋ ይሉኝታም አብሮ ይጠፋል። በጨለማ ውስጥ ያለ ሰው የመሰለውን ይናገራል፣ ባሳቀው ይስቃል። መብራቱ ሲበራ ደግሞ ሁላችንም መልሰን ጨዋ እንሆናለን።

ይሄን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ሳምሶን ፊልም ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። የፊልሙን ስም አልጠራም። ያየው ያውቀዋል፤ ያላየውም አልቀረበትም።

ሳምሶን እንደኔው የካዛንቺስ ልጅ ነው። የነሱን ግቢና የእኛን የሚለየው አንድ የዛገ የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ እሱም ቢሆን ከመለየት ይልቅ እያሾለከ ያገናኘን ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የወንጀል ፊልም ወዳጅ ነው። ሌሎቻችን ቪዲዮ ቤት የምንገባው ጠብ ለማየት ነበር፤ እሱ ግን ማን እንደገደለ እስኪታወቅ ድረስ ሽንቱ እንኳ አይመጣም። ካደገ በኋላ ለብዙ ዓመት ሰርግ ሲቀርጽ ኖረ። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ፣ ሙሽራ ኬክ ስትቆርስ፣ አማት በመሐረብ ዓይኗን ስትጠርግ። እንደምታዩት ማንም የማይሞትበት ሥራ ነው። በመጨረሻ ከዚያም ከዚህም አጠራቅሞ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም አስቸግሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘውን ፊልም ሠራ። ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ፊልም።

ቀረጻው የተጀመረው ሰፈራችን ለልማት እንደሚነሳ ከተነገረን በኋላ ነው። ይሄን ስላችሁ፣ ሳምሶን የተወለደበትን ሰፈር በምስል ሊያስቀር አስቦ ነው ብላችሁ እንዳታመሰግኑት። ጉዳዩ ሌላ ነው። መርማሪው ገዳዩን የሚያሳድድበት ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ያስፈልገው ነበር፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ከጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። ማስፈቀድም አያሻውም፤ የሁሉም ቤት ልጅ ነው።

ችግሩ የሁሉም ቤት ልጅ መሆኑ ነበር። ሰው አያከብረውም። መርማሪው ሽጉጡን መዝዞ አጥሩን ተደግፎ ሲያደባ፣ አንዷ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ይዛ በመሀል ታልፋለች። ገዳዩ ሲሮጥ፣ ባለሱቁ ከድር «ቀስ በል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» ይለዋል። ከሁሉ የባሱት ግን ጋሽ ተሾመ ነበሩ። ጋሽ ተሾመ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሹራባቸውን ደርበው በራቸው ላይ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ማሳደዱ የሚቀረጸው ደግሞ በጋሽ ተሾመ በር ነው። ለፊልም ብለው ፀሐያቸውን ሊተዉ ነው? እኔ የምሠራው ኡራኤል አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ስለሆነ፣ ምሳ ሰዓት ወደ ቤት ብቅ ስል የሳምሶንን ድምፅ ከሩቅ እሰማው ነበር። «ካት። ካት። በቃ፣ እንደገና።» ድምፁ እየዋለ ወደ ልመና ይጠጋል።

ቀረጻው አለቀ። ከዚያ ሰፈሩም ተነሣ። አንዳንዶቻችን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ አንዳንዶቻችን ተከራየን፤ ሳምሶን ቂርቆስ አካባቢ አንድ ክፍል ይዞ ፊልሙን ማቀናበር ጀመረ። ጋሽ ተሾመና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ዳር ኮንዶሚኒየም ከደረሳቸው ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ። ጋሽ ተሾመ እዚያ ብዙ አልቆዩም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ታመው ዐረፉ። ልባቸው ነው ተባለ። የቀብራቸው ዕለት ተበታትኖ የነበረው ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰባሰበ።

ፊልሙ የተመረቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ መስቀል አደባባይ አቅራቢያ ባለ አንድ ሲኒማ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሳምሶን አዲስ ሱፍ ለብሶ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል፣ ራሱ ሙሽራ ይመስል ነበር። እጄን ጭምቅ አድርጎ «መጨረሻውን ጠብቂ» አለኝ። «ከወንበርሽ ነው የምትነሽው።»

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሀብታም ነጋዴ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ገዳዩን ለማግኘት ረዥም ጥቁር ካፖርት የለበሰ መርማሪ ይመጣል። በጥቅምት ፀሐይ። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ከዚያ የነጋዴው ሹፌር ይገባል። ሹፌሩ ሲገባ ከበሮ ይመታል። ሹፌሩ እጁን በመሐረብ ይጠርጋል፤ እንደገና ከበሮ። ሹፌሩ ወደ ጎን ያያል፤ ከበሮ።

ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ለጓደኛዋ «ሹፌሩ ነው» አለቻት።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ከበሮው።»

ይሄ የሆነው ፊልሙ ገና ሲጀምር ነው። መርማሪው ግን ከበሮውን የሰማ አይመስልም፤ ሚስትየዋን ይጠረጥራል፣ ወንድምየውን ይጠረጥራል፣ ዘበኛውን ያስራል፣ ይፈታል። አዳራሹ መጀመሪያ ታገሠ። ከዚያ ማዛጋት ጀመረ። መርማሪው መስኮት አጠገብ ቆሞ «ወንጀለኛ ጥላውን ጥሎ አይሄድም» ባለ ጊዜ ግን አንዱ ከላይኛው ረድፍ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሰዉን የሚያቆመው አልነበረም። በማሳደዱ ላይ ካፖርቱ የቆርቆሮ አጥር ላይ ተጠልፎ ሲቀደድ እኔም ሳቅሁ። አልዋሻችሁም። በመጨረሻ ሹፌሩ ገዳይ መሆኑ ሲገለጥ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ነበር፤ ታክሲ እንዳያመልጠው።

መብራት በራ። ጨዋ ሆንን።

ማይክራፎን ዞረ። አንድ አንጋፋ ተዋናይ «መብራት አጠቃቀሙ በጣም የሚደነቅ ነው» አሉ። አንዲት ሴት የተለፋበት መሆኑ እንደሚያስታውቅ ተናገረች። ሌላው ሰውዬ ፖስተሩን ወደደው። ሬድዮ ላይ ስለ ፊልም የሚያወራ ወጣት ሃያሲም ተጋብዞ ነበርና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ፊልሙ ሰፊ ውይይት የሚጋብዝ ነው» አለ፤ ውይይቱን ግን እዚያ አልጀመረውም። በሩ ላይ ስንሰናበት ሳምሶንን ያቀፈው ሁሉ ጆሮው ሥር አንድ ቃል ይነግረው ነበር። ቃሉን ታውቁታላችሁ።

ሰኞ ጠዋት ሃያሲው ውይይቱን በሬድዮ ጀመረው። «ልብ አንጠልጣይ ተብለን ነበር የተጋበዝነው» አለ። «ልባችን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ተንጠልጥለን የቆየነው እኛ ነን፤ መቼ ያልቃል እያልን።» ይሄ እንኳ በቋንቋ የተባለ ነው። ስልክ ላይ ያሉት ልጆች ያደረጉት ባሰ። አንዱ የእናቱን ካፖርት ለብሶ ዶሮ ሲመረምር ራሱን ቀረጸ። «ነጋዴው ሲገደል የት ነበርሽ?» ይላታል፤ ዶሮዋ ወደ ጎን ታያለች፤ ከበሮ። ያቺ ዶሮ ከሳምሶን ፊልም የበለጠ ተመልካች አገኘች። ሌላው ደግሞ ካፖርቱ የሚቀደድበትን ማሳደድ ቆርጦ እየደጋገመ ለጠፈው። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ።

ሐሙስ ዕለት ሳምሶን ኡራኤል መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ ጠራኝ። ከታች ካለችው ካፌ ተቀመጥን። ጺሙን አልተላጨም። ማኪያቶው ቀርቦለት አልነካውም።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለ። «ማለቴ፣ አንቺ አትዋሺኝም።»

«ምኑን?»

«መቼ ነው ያወቅሽው? ገዳዩን።»

ይሉኝታ «መጨረሻው ላይ» በይ አለኝ። ግን እንዲህ የጠየቀ ሰው መልስ ይገባዋል ብዬ አሰብኩ። «ሲገባ» አልኩት።

«መቼ ሲገባ?»

«መጀመሪያ ሲገባ፣ ሳሚ።»

ወደ መንገዱ ዞረ። ታክሲዎቹ እየተጋፉ ያልፋሉ፤ ረዳቱ ይጣራል። «ሁሉም እንደዚያ ነው ያሉኝ» አለ። «እኔ እኮ ደራሲው ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ ሌላው እንዴት እንደሚያውቅ ማወቅ አልቻልኩም።» ከዚያ ሲኒማ ቤቱ ፊልሙን ከቅዳሜና እሑድ አንሥቶ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ እንዳደረገው ነገረኝ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ሲኒማ የሚገባው ማን እንደሆነ አስቡት። ቀጠሮው የተሰረዘበትና እግሩን የደከመው ሰው ነው።

«ሁለት ሳምንት ከቆየ ነው» አለኝ። «ከዚያ ያወርዱታል።»

ሰው የዕድሜ ልክ ምኞቱን አውጥቶ አደባባይ ላይ አሰጣ፤ አላፊ አግዳሚው ስቆ አለፈ። ሒሳቡን ከፍዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እትዬ ዘነበች ሰላም የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ባንክ ቤት ትሠራለች። ያቺ ልጅ አንድ ቀን ሰርቪስ ውስጥ ቁጭ ብላ እንደማንኛውም ሰው ስልኳ ላይ የተቀደደውን ካፖርት እያየች ትስቃለች። ሦስተኛ ጊዜ ስታየው ሳቋ ቆመ። ካፖርቱ የሚቀደደው የራሳቸው አጥር ላይ ነው። ከመርማሪው ትከሻ በስተኋላ፣ በሩ ላይ፣ ድንጋይዋ ላይ፣ ሹራባቸውን ደርበው አባቷ ጋሽ ተሾመ ቁጭ ብለዋል። ወደሚሮጡት ሰዎች እንኳ አያዩም። ፀሐያቸውን ይሞቃሉ።

ሰላም በነጋታው ከሥራ አስፈቅዳ እናቷን ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ሲኒማ ቤት ወሰደቻቸው። እትዬ ዘነበች ሲኒማ ገብተው አያውቁም። ሲወጡ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ማታውን ግን ለቀድሞ ጎረቤቶቻቸው በሙሉ ደወሉ።

የሚቀጥለው ሐሙስ ቢሮዬ ሳለሁ የሳምሶን ስልክ መጣ። ድምፁ ግራ የተጋባ ነበር። «ነይ» አለኝ። «ሰው መጥቷል።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ሰፈሩ።»

አስፈቅጄ ከኡራኤል በእግሬ ወረድኩ። ወደ አዳራሹ ስገባ ፊልሙ ጀምሯል፤ ግማሽ ያህሉ ወንበር ሞልቷል። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ሻሽ ያሰሩ፣ ኮፍያ የደፉ ሽማግሌዎች፤ ከከተማው ዳር ሁለት ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡ። ሹፌሩ ገባ፤ ከበሮው ተመታ፤ ማንም ልብ አላለውም። ወሬ ይዘዋል። ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ እግርሽን ተሻለሽ ይባባላሉ። ነጋዴው መሞቱን የታዘበም ያለ አይመስለኝም።

ማሳደዱ ሲጀምር ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በምረቃው ቀን ቢገኝ ሳምሶን ነፍሱን ይሰጥ ነበር። ገዳዩ በከድር ሱቅ በኩል ታጠፈ። ባለሱቁ ከድር ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ «አያችሁ፣ ሱቄ» አለ፤ ጀሪካኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል፣ ሚዛኑ መደርደሪያው ላይ ነው። «ያ የእኛ ደጅ ነው።» «ያ ዛፍ፣ ያ ኮባው።» ስለ አንድ በር ቀለም፣ አረንጓዴ ነበር ሰማያዊ ነበር እያሉ ሲከራከሩ የከረሙ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ነበሩ፤ በሩ ታየ፤ ሰማያዊ ነው። የተረታችው ሴት ክፉኛ አለቀሰች። በመረታቷ አይመስለኝም።

ከዚያ ጋሽ ተሾመ መጡ። ማለቴ በሩ መጣ፣ ድንጋይዋ መጣች፣ እሳቸውም እዚያው አሉ። መርማሪው ግን እንደ ክፉ አጋጣሚ ሽጉጡን ይዞ በትክክል እፊታቸው ቆመ፤ ግራ ቀኝ ያማትራል፤ ካፖርቱ ሙሉውን መጋረጃ ሞላው።

እትዬ ዘነበች ከፊተኛው ረድፍ ረጋ ባለ ድምፅ «እስቲ ዞር በል ልጄ፤ ከለልከን» አሉት።

ማንም አልሳቀም። መርማሪው ዞር አለ። ጋሽ ተሾመ ታዩ።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። እኔ ያንን ፊልም በምረቃው ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ። ጋሽ ተሾመን ሳውቃቸው ኖሬ፣ ቀብራቸው ላይ ቆሜ፣ በዚያ መጋረጃ ላይ እንዳሉ ግን አላየሁም። ገዳዩን ለማወቅ ነበር የገባሁት፤ ስላወቅሁትም ፊልሙን የጨረስኩት መስሎኝ ነበር። ሃያሲውም ያንኑ ነው ያየው። ዶሮ የሚመረምረውም ልጅ እንደዚያው። ፊልሙ መጥፎ መሆኑ አልተለወጠም፤ ይሄን ልንገራችሁ፤ ሐሙስ ዕለትም እንደ ቅዳሜው መጥፎ ነበር። ብቻ እነዚህ ሰዎች የገቡት ወደ ሌላ ፊልም ነው።

ሲያልቅ ሰዉ በር ላይ ሳምሶንን ከበበው። ይመርቁታል፤ ትከሻውን ይስሙታል። እሱ እንደ ሐውልት ቆሟል። እትዬ ዘነበች እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሳምሶን ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አሉት።

«ይዘዙኝ እትዬ።»

«እነዚያን ሰዎች ማውጣት አይቻልም?»

«የትኞቹን ሰዎች?»

«የሚሯሯጡትን። ካፖርቱን የለበሰውንና ያንን ሌላውን። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ግን ይከልላሉ።»

ሳምሶን መጀመሪያ የሰማ አልመሰለኝም። «እነሱን ካወጣሁ ምን ይቀራል እትዬ?» አላቸው።

«ሰፈሩ ነዋ» አሉት፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እንዴት ጠፋህ በሚል ድምፅ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሁለታችን በእግራችን ወደ ቂርቆስ መንገድ ጀመርን። ይደሰታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ተቆጥቷል።

«አንድም ሰው ፊልሙን አላየም» አለ። «አየሽ አይደል? አንድም።»

«ሳሚ፣ ሲያለቅሱ እኮ ነበር።»

«በእኔ ሥራ ነው ያለቀሱት? በአጥር ነው። አጥሩን እኔ አልሠራሁትም።»

«የቀረጽከው ግን አንተ ነህ።»

«ሳላስበው ነዋ። ያሰብኩትን ሳቁበት፤ ያላሰብኩትን አለቀሱበት። ሰው ሳያስበው የሠራው ነገር፣ በቃ፣ የማን ነው የሚባለው?»

ጥያቄውን እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ። እናንተም አስቡበት። ብዙዎቻችን ለልጆቻችን ያስቀረነው ነገር ልናስቀር ያሰብነው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ምክር ስንሰጣቸው የኖርናቸው ልጆች የሚያስታውሱት ምክሩን ሳይሆን፣ ስንመክር አፍንጫችንን የምናክበትን ሁኔታ ነው። ይሄንን ግን ያን ዕለት ለሳምሶን አላልኩትም። የተቆጣ ሰው ፍልስፍና አይወድም።

ፊልሙ ወረደ። ሳምሶን ለተወሰነ ጊዜ ስልክ ማንሣት ተወ፤ ወደ ሰርጉ ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ደውሎ ቤቱ ጠራኝ። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛና ኮምፒዩተር ብቻ ነው ያለው። መጋረጃውን ዘግቶ «ቁጭ በይ» አለኝ። እትዬ ዘነበች የጠየቁትን ሊሠራ ፈልጎ፣ ተዋንያኑ የሌሉበት ቦታ ካለ ብሎ፣ የተጣለውን ምስል ሲያገላብጥ ከርሟል። የተጣለው ማለት ሰው ገብቶ ያበላሸው ነው። ሳፋ ይዛ ያለፈችው ሴት፤ ከድር ስለ ድንጋዩ ሲያስጠነቅቅ፤ ሁለት ጎረቤታሞች በመርማሪው ራስ ላይ ከአጥር አጥር ጨው ሲበዳደሩ። ፊልሙ ውስጥ ያልገባው ነገር ከፊልሙ ይረዝማል።

«ይሄን እዪ» አለኝ።

መርማሪው ሮጦ ያልፋል። ጋሽ ተሾመ ከድንጋያቸው ላይ በቀስታ ይነሣሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀና ይላሉ፤ ወደ ካሜራው ይመጣሉ፤ ፊታቸው እየቀረበ እየቀረበ ስክሪኑን ይሞላዋል። «አንተ ሳምሶን» ይላሉ፣ «ይሄን ልጅ ከትናንት ጀምሮ ስታባርሩት፣ እስካሁን አልያዛችሁትም?» በራሳቸው ቀልድ ይስቃሉ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

ከካሜራው ኋላ የሳምሶን ድምፅ ይሰማል። «ጋሽ ተሾመ፣ በናትዎ፣ ቀረጻ ላይ ነን። ይነሡልኝ።»

«እሺ፣ እሺ» ይላሉ። እጃቸውን ያነሣሉ። ዞረው በዝግታ ወደ ድንጋያቸው ይሄዳሉ። ካሜራውን ያጠፋው ሰው የለም፤ ጀርባቸውን እስከ በሩ ድረስ ይከተላቸዋል።

ሳምሶን አቆመው። የራሱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልም።

«ደግነቱ አላጠፋኸውም» አልኩት።

«ለማጥፋት ጊዜ አጥቼ ነው» አለ።

ያንን የተጣለ ምስል ከእነ ጥፋቱ አያይዞ ዳር ኮንዶሚኒየሙ ወሰደው። የግቢው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ ሰው ከየቤቱ ወንበሩን ይዞ መጣ። ሃያሲው እንኳ ሰምቶ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። ያን ቀን ስላየሁት ሳቅ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ራሱን ያየ ሁሉ «እንዲህ ነው እንዴ የምራመደው?» ይላል።

ጋሽ ተሾመ ወደ ካሜራው ሲመጡ ሰዉ ሁሉ ወደ እትዬ ዘነበች ዞረ። ሰላም የእናቷን ክንድ ያዘች። እሳቸው ግን አላለቀሱም። አጎንብሰው በደንብ አዩአቸው።

«ያንን ሹራብ አውልቅ ብዬው ነበር» አሉ። «ሙቀት ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬው ነበር። አይሰማ።»

ካለቀም በኋላ «እስቲ መልስልኝ» አሉት ለሳምሶን። መለሰላቸው። ጋሽ ተሾመ እንደገና ተነሥተው መጡ፣ እንደገና ጠየቁ፣ እንደገና የሳምሶን ድምፅ ይነሡልኝ አላቸው፣ እንደገና እሺ ብለው ሄዱ። ሳምሶን ድምፁ በሚሰማበት ቦታ ላይ እያንዳንዱን ጊዜ ወደ መሬት ያይ ነበር።

ወንበር ሲነሣ ሃያሲው መጥቶ ጨበጠው። «ይሄ ነው ሥራህ» አለው። «የወንጀሉን ነገር ተወው፤ ይሄንን በደንብ አቀናብረህ አውጣው። ይሄንን ሁሉ ምስል ስትተው ግን ምን አስበህ ነው?»

«ሰው ገብቶ ስላበላሸው ነው» አለ ሳምሶን።

ሃያሲው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ሳምሶን አልሳቀም። ሃያሲው ሲሄድ ወደ እኔ ዞሮ «ምስጋናው ከልቡ ነው መሰለኝ» አለኝ። «ግን የኔ አልመስል አለኝ።» ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረ።

እትዬ ዘነበች ገና አልወጡም ነበር። ሰላም ወንበሮቹን ወደ ላይ ስታወጣ እሳቸው ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። «ሳምሶን ልጄ» አሉ። «ሳልጠይቅህ እኮ ቀረሁ። ለመሆኑ ያንን ነጋዴ ማን ነው የገደለው?»

ሳምሶን ገመዱን እንደያዘ ቀረ። «አላዩትም እንዴ? ሁለት ጊዜ ገብተው?»

«እኔ መች እሱን አየሁ ልጄ።»

እኔን አየኝ። ከዚያ ገመዱን አስቀምጦ አንድ ወንበር ሳበና እፊታቸው ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ጀመረላቸው፤ ነጋዴው እንዴት እንደተገኘ፣ ሚስትየዋ ለምን እንደተጠረጠረች፣ ዘበኛው በምን እንደታሰረ። እትዬ ዘነበች አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ በዘበኛው እያዘኑ፣ በሚስትየዋ እየተናደዱ አዳመጡት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሹፌሩ ነው» አላቸው።

የእትዬ ዘነበች እጅ ከአገጫቸው ወረደ። «የቱ ሹፌር? ያ ትሑቱ ልጅ? በቀረጻው ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ እንደምን አደሩ የሚለኝ?»

«እሱው።»

«አይደረግም» አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «እኔኮ ሻይ ሰጥቼዋለሁ። ቤቴ አስገብቼ። ምነው ያንን የመሰለ ልጅ…»

የሳምሶን ፊት ላይ ከምረቃው ቀን ወዲህ አይቼው የማላውቀው ነገር ቀስ ብሎ መጣ። ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋ።

«ገና ምን ሰምተው» አለ። «ለምን እንደገደለው ልንገርዎት።»